ከሰማይ የወረደ መውቀሪያ

በኛ አገር ድንጋይ ሳይበላ ያደገ ሰው አላውቅም። እናንተም በልታችኋል፤ አልበላንም ብላችሁ ከእኔ ጋር ሙግት አትግጠሙ። ወፍጮ አዲስ ሲሆን ወፍራም ነው፤ በዓመቱ ይሳሳል፤ በአሥር ዓመቱ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ለሁለት ይከፈልና የደጅ መቀመጫ ይሆናል። ያ የጎደለው ድንጋይ የት ሄደ? ነፋስ አልወሰደው፣ ሌባ አልሰረቀው። ከዱቄቱ ጋር ተቦክቶ፣ ተጋግሮ፣ በወጥ ተጠቅልሎ የእኔና የእናንተ ሆድ ገባ። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ይህን ያህል ወፍጮ ትጨርሳለች ይባላል። ሐሰት ነው። ሴቲቱ ትፈጫለች፤ የሚጨርሰው ቤተሰቡ ነው።

ላስታ ደግሞ ለድንጋይ ማን ብሎት። እርሻችን ድንጋይ፣ አጥራችን ድንጋይ፣ ቤታችን ድንጋይ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንኳ ከቋጥኝ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። በሕይወት ሳለን ድንጋይ እንለቅማለን፣ ስንሞት ድንጋይ ይጫነናል። ስለዚህ በድንጋይ ነገር የሚያስደነግጠኝ ወሬ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ መጣ።

መጀመሪያ ስለ መውቀሪያዬ ልንገራችሁ። በሞተር የሚያስፈጭ ሰው ስለበዛ ነገሩን የማያውቀው ይኖራል። ወፍጮ ሲቆይ ይለዝባል። የለዘበ ወፍጮ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አያደቀውም። ያኔ በጠንካራ ድንጋይ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ፊቱን ማሻከር ነው። ይህ መውቀር ይባላል፤ የሚወቀርበት ድንጋይም መውቀሪያ ነው። የእኔው የእናቴ ነበር፤ ስዳር ሰጠችኝ። እሷም ከአያቷ ማሳ የተገኘ ነው ትል ነበር። ጥቁር ነው፤ ሁለት ጡጫ ቢያህል ነው። ሲያነሡት ግን እጅን ወደ ታች ይዞ ይሄዳል። ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ መጀመሪያ የተዋሰችው ቀን «ይሄ ድንጋይ ነው ወይስ የሰው ኀጢአት?» ብላኛለች። ግን እንደሱ ወፍጮ የሚነክስ አልነበረም። በመንደራችን እሳት ከምትዋስ ሴት የእኔን መውቀሪያ የምትዋስ ትበልጥ ነበር።

እንግዲህ ልጄ። ትርንጎ ትባላለች፤ ያኔ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆናት ነበር። ከሷ በፊት የወለድኩት ወንድ ልጅ በክርስትናው ሳምንት ስላረፈብኝ፣ እኔ ትርንጎን ያሳደግኋት በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው፤ ተኝታ ትተነፍስ እንደሆነ ሳዳምጥ። ካነጠሰች ሞተች፣ ዝም ካለች ሞተች፣ ከሳቀችም «ምነው ሳቀች?» ብዬ እደነግጣለሁ። ይህችን የመሰለች ልጄ ግድግዳ መላስ ጀመረች። ምርጊቱን በጥፍሯ ፍቃ ትበላለች፤ አመድ ትበላለች፤ አፈር ትበላለች። ፊቷ ነጥቶ የማሽላ ዱቄት መሰለ። ባሌ ደምሴ «ልጅ አፈር ካልበላ አያድግም፤ እኔም በልቻለሁ» ይለኛል። የሱን እድገት ሳየው አላጽናናኝም።

አዝዬ ላሊበላ ክሊኒክ ሄድኩ። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር የቆላ ሰው ነው፣ እስላም፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጁ ንጹሕ። የዓይኗን ቆብ ገለበጠና አየ። የኔንም ገልብጦ አየ።

«ደም አንሷታል» አለኝ። «ደም የሚሠራው ከብረት ነው። ብረት ሲያንስ ነው ሕፃን አፈር የሚያምረው።»

ድንጋጤዬን አስቡት። ብረት የማውቀው ማረሻና ማጭድ ነው። ሰው ውስጥ ብረት ካለ፣ እስከዛሬ እንዴት ሳንዝግ ቆየን? የሚሰጣት ሽሮፕ አልቆ ኖሮ፣ መድኃኒት የጫነ መኪና እስኪመጣ ወር ጠብቂ ብሎ አሰናበተኝ። ወር። የአፈር ነገር ከሆነ አንድ ወር ውስጥ ልጄ የቤቴን ግማሽ ግድግዳ ትጨርሰዋለች።

ያን ጊዜ መሠረተ ትምህርት የሚባል ነበር። አብዮቱ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው እንዳይኖር ብሎ፣ ሽማግሌውንም አራሷንም ፊደል ያስቆጥር ነበር። እኛን የሚያስተምረን ከአዲስ አበባ የመጣ ዘማች ተማሪ ነው። ከሰዓት በኋላ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ እንሰበሰባለን። ወንዶቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ሕፃናት ከመሬት። ስሜን መጻፍ ከቻልኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር፤ በቤቴ ምሰሶም በበሩም ላይ ጽፌዋለሁ። ልጁ ትሑት ነው፤ እትዬ ዘውዴ ፊደሉን ግልብጥ አድርጋ ስትጽፈው እንኳ «ጥሩ ነው እናቴ፣ ትንሽ ብቻ ይዙር» ይላታል። ከመዝመቱ በፊት ምን ይማር እንደነበር ጠይቀነው «ስለ ድንጋይ» ብሎን፣ የሳቅነውን ሳቅ እሱም አይረሳው። የሰው ልጅ ድንጋይ ለማወቅ ትምህርት ቤት ይገባል? ላስታ ይምጣ እንጂ።

አንድ ቀን የእትዬ ዘውዴን ወፍጮ ወቅሬ፣ መውቀሪያዬን እንደያዝኩ ወደ ትምህርቱ ሄድኩ። ትርንጎን መሬት ላይ አስቀምጬ ድንጋዩን አጠገቧ ባኖረው፣ በሁለት እጇ አቅፋ ትልሰው ጀመር። አስተማሪው አይቶ፣ ከአፏ ሊያወጣላት ጎንበስ አለ። አነሣው። በእጁ መዘነው። ሲወቀርበት የኖረው ጫፍ ጥቁር ልብሱ ተልጦ ግራጫ ገላው ወጥቷል፤ እሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ዓይኑ እስኪነካው አቀረበው። ከዚያ ከተበላሸች ብዙ የሰነበተችውን የማኅበሩን ሬዲዮ ሆድ ፈቶ ማግኔቷን አወጣ። ወደ ድንጋዩ ሲያስጠጋት ልጥፍ ብላ ተጣበቀች።

«ይህን ከየት አመጣሽው፣ እህቴ?» አለኝ። ድምፁ ሌላ ነበር።

«የእናቴ ነው» አልኩ፤ ሰርቄ የተያዝኩ መስሎኝ።

«ይህ ድንጋይ የምድር አይደለም። ከሰማይ የወረደ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ዝምታ ገና አሁንም በጆሮዬ አለ። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ትርንጎን ከመሬት ማንሣት ነበር። ከሰማይ የሚወርድ ድንጋይ እኛ የምናውቀው ለቁጣ ነው፤ ልጄ ደግሞ ስትልሰው ውላለች።

ልጁ ጠመኔውን ይዞ የዚያን ዕለት ትምህርት ተወው። በምድር ታችኛው ጫፍ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ብቻ የሆነ አገር አለ አለን። ሰው አያርሰውም፣ ዛፍ አይበቅልበትም፤ የበረዶው ውፍረት የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ይውጠዋል። «እዚያ በረዶ ላይ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጦ ቢገኝ ከየት መጣ ትላላችሁ? ከጎኑ ገደል የለ፣ ከሥሩ አፈር የለ። ከላይ ነው እንጂ።» ሊቃውንቱ በበረዶ ላይ በሚሄድ መኪና እየዞሩ፣ ከነጭ ጤፍ ላይ ጥቁር እንክርዳድ እንደሚለቀም ይለቅሟቸዋል። በኛ አገርም ይወድቃል፤ ግን ጥቁሩን ድንጋይ ከጥቁር ድንጋይ መካከል ማን ይለየዋል? ስንቱ ከሰማይ ወርዶ፣ ከኛው ድንጋይ ጋር ተዛምዶ፣ አጥር ሆኖ ይኖር ይሆናል።

ከዚያ ሲሰበሩ በውስጣቸው የተገኘውን ነገረን፤ በሰሌዳው ላይም ጻፈልን። እንደ ወይራ ቅጠል አረንጓዴ የሆነ ማዕድን፤ ኦሊቪን ይባላል። ወደ ቡናማ የሚያደላ ሌላ፤ ፓይሮክሲን። በነዚህ መካከል እንደ ጨው ፍሬ የተነሰነሰ ብረት። ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ የሚኖር ኒኬል የሚባል ሌላ ብረት። ደግሞ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ክብ ክብ ዶቃዎች አሉ፤ እነዚያ በምድር ድንጋይ ላይ አይገኙም። በየተራ ጠርቶ በመውቀሪያዬ ላይ ዶቃዎቹን አሳየን። ስንት ዓመት በእጄ ይዤው፣ ዶቃ ማድረጉን አላየሁለትም።

እትዬ ዘውዴ ከኋላ ተነሣች። «ቆይ አንተ ልጅ። ያ አረንጓዴ ያልከው በኛ ጥቁር ድንጋይም ይገኛል?»

«ይገኛል እናቴ።»

«ብረቱም በምድር አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ሰማይ ላስታ ነው በለኛ።» ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። «እኔ እኮ እዚህ ድንጋይ ለቅሜ ለቅሜ ስሞት አርፋለሁ ብዬ ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ በአጥንቴ ገባ። ሰማይ ከኛው ከጓሯችን በሆነ ነገር የተሠራ ነው መባሉ፣ ድንጋይ ወረደ ከመባሉ የበለጠ ያስደነግጣል። የሩቅ ዘመድ ጌታ ነው ሲሉን ኖረው፣ ደጃችን ሲደርስ እንደኛው ድሪቶ ለብሶ ብናገኘው እንደማለት ነው።

ወሬው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ደረሰ። ጓድ ሊቀመንበር ጠንቃቃ ሰው ነው፤ በማግስቱ ጠብመንጃውን አንግቶ መጥቶ ድንጋዩን ዞሮ ዞሮ አየውና «ኢምፔሪያሊስቶች የጣሉት እንደሆነስ?» አለ። አስተማሪው ድንጋዩ ከኢምፔሪያሊዝም በፊት የነበረ መሆኑን አስረዳው። ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ፊውዳል ነው» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ድንጋዩ አልጠየቀንም።

የእኔ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ያን ቀን ከሰሌዳው ላይ አራቱን ቃል በደብተሬ ገልብጫለሁ፤ ከስሜ ቀጥሎ በሕይወቴ የጻፍኳቸው የመጀመሪያ ቃላት እነሱ ናቸው። ቤቴ ሆኜ በጣቴ እየተከተልኩ ሳነባቸው፣ ሦስተኛው ላይ ጣቴ ቆመ። ብ-ረ-ት። ድሬሰሩ ልጅሽ ያነሳት ምንድን ነው አለኝ? ልጄስ ከቤቱ ድንጋይ ሁሉ መርጣ የምትልሰው የቱን ነው? እኔ ስፈራ ስቸር፣ ልጄ መድኃኒቷን ራሷ አግኝታው ኖሯል። እግዚአብሔርም ከሰማይ የላከልኝን እናቴ ወፍጮ ስትወቅርበት ኖራለች።

ፊደል ለቆጠረ ሰው እግዜር ይዘንለት። ሳያነብ የሚሳሳተውን ስሕተት ሁሉ ትቶ፣ አንብቦ የሚሳሳተውን ይጀምራል።

የደምሴን ሞረድ ወሰድኩ። ድንጋዩን በጉልበቴ መካከል አጣብቄ የተላጠውን ፊት ሞረድኩት። እንደ አመድ ያለ ዱቄት ወረደ፤ በፀሐይ ሲያዩት መሐሉ ብልጭ ብልጭ ይላል። የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚሞላ ያህል ቆንጥሬ በአጥሚቷ ላይ ነሰነስኩላት። ጠጣችው። ከንፈሯን ላሰች። በሦስተኛው ቀን ጉንጯ የቀላ መሰለኝ። የፈለገ ሰው ምን አያይም። እትዬ ዘውዴን ጠርቼ «አልቀላችም?» ብላት «ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ለምን አትቀላ» አለችኝ። ግን እሷም የልጅ ልጇን ይዛ መጣችና «ለዚህም ትንሽ ሞርጅለት» አለች። በማግስቱ ደጄ ላይ አራት እናቶች ቆመው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ትርንጎን ሳጸዳ፣ የወጣው ነገር ጥቁር ነው። ጥቁር ስላችሁ ቡናማ አይደለም፤ ከሰል። ልክ በዚያ ሰዓት አስተማሪው ትምህርት የቀሩ እናቶችን ፍለጋ መጣና እኔን ከነሞረዴ፣ ድንጋዩን ከነዱቄቱ አየ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ብረት እየሰጠኋት ነበር። ያነሳት ብረት ነው፤ አንተም አለበት ብለሃል።»

አስተማሪው መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። «ኒኬሉስ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እሱ ምን ያደርጋል?»

«አላውቅም» አለ። «ሕፃን ሆድ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አልተማርኩም።»

ያልተማረ ሰው አላውቅም ሲል ማንም አይደነግጥም፤ የለመድነው ነው። የተማረ ሰው አላውቅም ያለ ዕለት ግን መሬት ይከዳል። አራት ቃል ጽፌ አንዱን ብቻ ጠይቄ ኖሯል። የቀሩት ሦስቱ በልጄ ሆድ ውስጥ ናቸው። የእትዬ ዘውዴ የልጅ ልጅ አንድ ቁንጥር ወስዷል፤ የሌሎቹም። በገዛ እጄ የመንደሩን ሕፃናት ሰማይ አብልቻለሁ።

ትርንጎን አዝዬ ወጣሁ። ከኛ እስከ ላሊበላ ሰው ግማሽ ቀን ይለዋል፤ እኔ በስንት ሰዓት እንደደረስኩ አላውቅም። አንዴ እየሮጥኩ፣ አንዴ ቆሜ ትተነፍስ እንደሆነ በጀርባዬ እያዳመጥኩ። ለይምርሐነ ክርስቶስ ጧፍ ተሳልኩ፤ ትንሽ ሄጄ ጧፉ ያነሰ መስሎኝ ጃንጥላ ጨመርኩ፤ ዳገቱ ላይ ስደርስ መጋረጃም አልኩ። ልጅቷ በጀርባዬ ላይ ሆና የነጠላዬን ጥለት እያኘከች ትዘፍናለች። መዝፈኗም አስደነገጠኝ። ልጄን የሚወስዳት ድንጋይ ቢሆን፣ የሰማዩን ድንጋይ ማን ይከሰዋል? የሞረድኩት እኔ ነኝ።

ድሬሰሩ በር ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። እየተንሰቀሰቅሁ ሁሉን ነገርኩት፤ በረዶውን አገር ሳልተው። ደብተሬንም አውጥቼ አራቱን ቃል አሳየሁት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ደብተሩን አየ። ሰውዬው በዕድሜው ብዙ ሰምቷል፤ ልጁን ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ሞርዳ ያበላች ሴት ግን አልገጠመችውም። ሆዷን ነካካ። ዓይኗን ገለጠ። ምላሷን አየ።

«ስንት ጊዜ?»

«አምስት ቀን። የጥፍር ያህል።»

«አብሽሪ» አለኝ። «ማስመለስ? የለም። ማስቀመጥ? የለም። መጥቆሩ ብረቱ በሆዷ አልፎ መውጣቱ ነው፤ ሽሮፑንም ቢወስዱ ይጠቁራል። ስለ ሌላው ብረት እኔም አልተማርኩም፤ በዚህ መጠን ይገድላታል ብዬ ግን አልፈራም። ከዛሬ ጀምሮ ድንጋይ አታብዪያት። የድንጋይ ብረት ሰውነት እንደልቡ አይወስደውም፤ የሥጋ ብረት ነው የሚወስደው።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሌሎቹም ልጆች ደኅና ናቸው ማለት ነው። እሱ እስክረጋጋ ጠበቀና፣ ሽሮፑ አሁንም እንዳልመጣ ነግሮኝ ጠየቀኝ።

«በግ አታርዱም?»

«በበዓል፣ በዝክር እናርዳለን።»

«ጉበቱን ማን ይበላዋል?»

እንግዲህ እናንተ ሆዬ፣ ሰማይ ድንጋይ ነው ሲሉኝ የደነገጥኩትን ድንጋጤ አውቀዋለሁ፤ ይህ ግን ሌላ ነበር። ምክንያቱም መልሱን አውቄው፣ መልስ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ወንዶች» አልኩት።

«ወንዶቹ ደም አንሷቸዋል?»

መስኮቱን ዘጋና መብራቱን ሊያጠፋ ሄደ።

ላሊበላ ከዘመድ ቤት አድሬ በማግስቱ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያችን ጥያቄ ተሸክሜያት ሄድኩ፤ ከትርንጎ ትከብዳለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለኔ ነው። ልጄ ያነሳትን ብረት ከበረዶ አገር ሊቃውንት፣ ከከዋክብት መንገድ ስፈልግ፣ ብረቱ በየዝክሩ ከእኔው ምድጃ ተነሥቶ፣ በእኔው እጅ በሚጥሚጣ ታሽቶ፣ በልጄ አጠገብ አልፎ ወደ ባሌ ሳህን ሲሄድ ኖሯል። አሳላፊዋም እኔ ነበርኩ።

በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ የሚካኤል ዝክር በኛ ቤት ነበር። ደምሴ በጉን አረደ፤ ገፈፈ፤ ጉበትና ጨጓራውን በሰፌድ አድርጎ እንደወትሮው ወደ ማድቤት ላከው። የነፍስ አባታችንና አምስት ሽማግሌዎች ከውስጥ ተቀምጠው ጠላ እየቀመሱ ነው። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ ጉበቱ ከጨጓራው ጋር ተከትፎ ከሁሉ በፊት ይቀርባል፤ ዝክሩ የሚከፈተው በሱ ነው ማለት ይቀላል። እኔ ጉበቱን ፍም ላይ ጣልኩት። ጠበስኩት። በእጄ አድቅቄ ትርንጎን አጎረስኳት። ጎረሰች። ደግማ አፏን ከፈተች። የተረፈውን ጨው ነስቼ በድስት ከደንኩና ከአገልግሉ ሥር አኖርኩት። ሊረዳኝ የመጣው ሰው እትዬ ዘውዴ ብቻ ነበረች። አይታ አማተበች። «ከዚህስ ድንጋዩን ብትሰጫት ይሻልሽ ነበር» አለችኝ።

የጨጓራውን ክትፎ ይዤ ገባሁ። ደምሴ አየው። ደግሞ አየው።

«ጉበቱስ?»

«ትርንጎ በላችው።»

የአዳራሹን ዝምታ ነግሬያችኋለሁ። ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ያ ዝምታ ገበያ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ዋንጫውን አፉ ድረስ አድርሶ እዚያው ረሳው። ደምሴ ጆሮው ቀላ፤ እንግዳ ፊት አይቆጣ ነገር፣ ዝም አይል ነገር። የነፍስ አባታችን ነበሩ ዝምታውን የሰበሩት።

«ልጄ፣ ሙሉውን?»

«ሙሉውን አይደለም አባቴ። የቀረውን ለነገ ደብቄላታለሁ።»

«ደብቄ ትላለች» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ ለሦስተኛው።

«ማን አዘዘሽ?» አሉኝ አባ።

«ድሬሰሩ። ደም አንሷታል፤ ጉበት ነው የሚበጃት ብሎኛል።»

«የቆላው? እስላሙ?»

«እሱ ነው አባቴ።»

አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። እኔ ቆሜ ያን ጊዜ የምፈራው ግዝታቸውን ነበር፤ ግዝት ቢመጣ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ የማውቀው ድስቱን እንደማልሰጥ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ሰውዬው የኛን እርድ አይቀምስም» አሉ። «የማይበላውን ጉበት ከኛ ነጥቆ ለሕፃን ቢያዝ ምን ይጠቀማል ብለን እንጠርጥረው?» «በይ ጎድኑን አምጪ፤ ዝክር ነው፣ ለቅሶ አይደለም።»

ጎድኑ ቀረበ፤ ዝክሩም ተበላ፤ ግን ያን ዕለት እንደወትሮው ምርቃቱ አልረዘመም። እንግዳ ከሄደ በኋላ ደምሴ ብዙ ተናገረ። እሱ ሲናገር እኔ ድስቱን እጠብቅ ነበር።

እንግዲህ የሰውን ነገር ታዘቡ። ከሰማይ ድንጋይ ወረደ ሲባል መንደሩ የደነገጠው አንድ ሳምንት ነው። በሳምንቱ ሴቶቹ መጥተው «ያን የሰማዩን አዋሺን» ብለው ይዘውት ሄዱ፤ ወፍጯቸውን ወቀሩበት፤ ዱቄቱንም በሉት። አስተማሪው ምስር የምታህል ስባሪ በወረቀት ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁሉም መርቆ ሸኘው። የጉበቱ ነገር ግን እስከዛሬ አልበረደም። ከገነተ ማርያም ገበያ እንኳ «ያቺ ጉበት ያስቀረችው» ብለው የሚጠቁሙኝ አሉ። ወንዶቹ እርድ ሲኖር የሚቀመጡበትን ወንበር ወደ ማድቤቱ በር አስጠግተዋል። ሴቶቹ ደግሞ ምንም አይሉም፤ ግን አንዳንዷ ውሃ ስንቀዳ አጠገቤ ቆማ «የኔም ልጅ ግድግዳ ትልሳለች» ትለኝና ገንቧን አንሥታ ትሄዳለች።

ትርንጎ ግድግዳውን ከተወችው ሰንብታለች። ክረምቱ ሲወጣ ድሬሰሩ የዓይኗን ቆብ ገለበጠና ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ያቺ ስስ ልጅ አሁን ትቆጣለች፣ ትማታለች፣ ዶሮ ታሳድዳለች። እኔም አሁን የምፈራው ሌላ ሌላውን ነው፤ እናት የምትፈራው አታጣም።

ደምሴ? ደምሴ ጉበት መውደዱን አልተወም፤ በፈቃዱም አልተወልኝም። በግ ባረደ ቁጥር ሆዱን ሰንጥቆ ጉበቱን ሲያወጣ ቀና ብሎ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። ትርንጎ ግን ጣባዋን ይዛ፣ ድርሻዋን ልትቀበል በሁለታችን መካከል ትቆማለች።